ሠራተኞች የሠሩት ቤተ ክርስቲያን፤ የሀንጋሪ ስደተኞች ታሪክ

፩. ከአገራቸው ስለ መውጣታቸው

በአውሮፓ መካከል ሀንጋሪ የምትባል አገር አለች። ዳኑብ የሚባለው ታላቅ ወንዝ በመካከልዋ ያልፋል። ሜዳዋ ሰፊ ነው፤ ስንዴና ወይን በብዙ ይበቅልበታል። የአገሩ ሰዎች ራሳቸውን ማጃር ብለው ይጠራሉ። ቋንቋቸው ከጎረቤቶቻቸው ቋንቋ ሁሉ የተለየ ነው፤ ስለዚህ ማጃር ሰው ከአገሩ በወጣ ጊዜ ንግግሩን የሚያስተውልለት ሰው በቀላሉ አያገኝም።

በዚህ ትምህርት የምናነበው የዓመት ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከሀንጋሪ መሬት ብዙው ክፍል በጥቂት መኳንንትና ባለጠጎች እጅ ነበረ። ድኻው ገበሬ ግን ጠባብ እርሻ ነበረችው። ልጆቹ በበዙ ጊዜ ያችው ጠባብ እርሻ ለሁሉም ትከፋፈላለች፤ ለልጅ ልጅ በደረሰች ጊዜ አንድ ቤተ ሰብ የማትመግብ ትሆናለች። መሬት የሌለውም ሰው በሰው እርሻ እያጨደ በመከር ጊዜ ጥቂት እህል ይቀበላል፤ በክረምት ግን ሥራ አያገኝም።

በዚያን ጊዜ ከባሕር ማዶ በአሜሪካ ታላላቅ ፋብሪካዎች ይሠሩ ነበር፤ ብረት የሚያቀልጥ፣ ከሰል የሚቈፍር፣ ሸክም የሚሸከም ብርቱ ክንድም ይፈለግ ነበር። ይህ ወሬ በየመንደሩ ተሰማ። ስለዚህ ከ1880 እስከ 1914 ዓ.ም. ድረስ ከሀንጋሪ መንግሥት ግዛት ከ1,000,000 የሚበልጡ ሰዎች በመርከብ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ሁሉም ማጃሮች አልነበሩም፤ በዚያ መንግሥት ሥር የሚኖሩ ስሎቫኮች፣ ጀርመኖች፣ ሩማንያውያንና ሌሎችም ሕዝቦች ነበሩባቸው።

ከእነዚህ ሰዎች የሚበዙት በአሜሪካ ለመቅረት አላሰቡም። «ሁለት ወይም ሦስት ዓመት እሠራለሁ፤ ገንዘብ አጠራቅሜ እመለሳለሁ፤ በአባቴ መንደርም መሬት እገዛለሁ» ይሉ ነበር። ይህን አሳባቸውን ልብ አድርገን እንያዘው፤ የቀረው ታሪክ የሚገባን በዚህ ነውና።

፪. በክሊቭላንድ ስለ ነበረው ኑሯቸው

በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት፣ በኤሪ ሐይቅ ዳር፣ ክሊቭላንድ የምትባል ከተማ አለች። ብረትና ከሰል በመርከብና በባቡር ይገቡባት ስለ ነበር ብዙ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካዎች ተሠሩባት። ማጃሮችም በከተማዋ ምሥራቅ በኩል፣ ባክአይ በሚባለው መንገድ አጠገብ፣ ለፋብሪካው ቅርብ በሆነ ስፍራ ሰፈሩ።

ሥራው እጅግ ከባድ ነበር። ሠራተኛው በምድጃው እሳት ፊት ሲቆም ፊቱ በላብ ይታጠባል፤ በክረምት ወደ ውጭ ሲወጣ ደግሞ የሐይቁ ነፋስና በረዶ ይቀበለዋል። የቀለጠ ብረት የፈሰሰበት ሰው ይሞታል ወይም አካሉ ይጎድላል። በዚያ ዘመን በሥራ ላይ የቈሰለ ሰው ካሣ በቀላሉ አያገኝም ነበር፤ በኦሃዮ የሠራተኞች ካሣ ሕግ የወጣው በ1911 ዓ.ም. ነው።

ብዙዎቹ ወንዶች ሚስቶቻቸውን በአገር ትተው ብቻቸውን የመጡ ስለ ነበሩ፣ ባልና ሚስት በሚኖሩበት ቤት ውስጥ በክፍያ ያድሩ ነበር። በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ስምንትና አሥር ሰዎች ይኖራሉ። ቀን የሠራው ሌሊት በሚተኛበት አልጋ ላይ፣ ሌሊት የሠራው ቀን ይተኛል። የቤቲቱ እመቤት ከሁሉ በፊት ተነሥታ እሳት ታነዳለች፤ ለሁሉም ትጋግራለች፤ ጥላሸት የያዘውን ልብሳቸውን ታጥባለች። የእነዚህ ሴቶች ስም በድንጋይ ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ ነገር ግን እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ከወንዶቹ አንዱ እንኳ ገንዘብ ሊያጠራቅም ባልቻለ ነበር።

ስደተኞቹም እርስ በርሳቸው ለመረዳዳት ማኅበር አቋቋሙ። እያንዳንዱ ሰው በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፤ የታመመ ሰው ከዚያ ይረዳል፤ የሞተም በክብር ይቀበራል፤ ለመበለቲቱም ገንዘብ ይሰጣታል። እንደ እድር ያለ ሥራ ነው። እነዚህ ማኅበሮች የኋለኛው ሥራ ሁሉ ሥር ሆኑ፤ በአንድነት ማዋጣትን ሰዎቹ ያን ጊዜ ተምረውታልና።

፫. በቋንቋ ምክንያት ስለ መጣ ጠብ

ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርም። ሳምንቱን ሙሉ የደከመ ሰው እሑድ በመጣ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ቅዳሴው በላቲን ቋንቋ ስለ ነበር በመንደሩ የሰማውን ያንኑ ሰማ፤ ደስም አለው። ስብከቱ በተጀመረ ጊዜ ግን አንድ ቃል እንኳ አልገባውም። ኑዛዜ ለመናዘዝ በፈለገ ጊዜም ካህኑ አልሰማውም። ከምድጃው አደጋ የተነሣ ለሞት የቀረበ ሰው የመጨረሻ ቃሉን የሚናገርለት ካህን ባጣ ጊዜ ምን ያህል ያዝን ይሆን?

ስለዚህ የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ከየአገሩ ለመጡ ስደተኞች ለየቋንቋቸው ቁምስና እንዲያቋቁሙ ይፈቅዱ ነበር። ቁምስና ማለት አንድ ካህን እንደ አባት ሆኖ የሚጠብቀው የምእመናን ማኅበር ከነቤተ ክርስቲያኑ ነው።

በክሊቭላንድ ማጃሮችና ስሎቫኮች በመጀመሪያ በአንድነት ይጸልዩ ነበር። በ1889 ዓ.ም. የተመሠረተው ቁምስናቸው የቅዱስ ላዲስላስን ስም ይዞ ነበር፤ ይህም ቅዱስ የሀንጋሪ ንጉሥ የነበረ ነው። ሁለቱም ከአንድ መንግሥት የመጡ ነበሩ፤ ሁለቱም ድኾች ነበሩ፤ በአንድ ዓይነት ሥራም ይደክሙ ነበር። ነገር ግን ተስማምተው መኖር አልቻሉም።

የጠቡ ሥር ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። በሀንጋሪ መንግሥት ገዢዎቹ ማጃሮች ነበሩ። በ1879 ዓ.ም. የወጣ ሕግ የማጃር ቋንቋ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ግድ እንዲሰጥ አዘዘ። የስሎቫክ ልጅ በእናቱ ቋንቋ መማርን ሲፈልግ የገዢውን ቋንቋ እንዲማር ይገደድ ነበር። ስሎቫኮች ይህን ቂም በልባቸው ይዘው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

ይህን ነገር በጥንቃቄ እናስተውለው። ማጃሩ ሠራተኛ በክሊቭላንድ የማያውቀውን ቋንቋ ሲሰማ ልቡ ያዝን ነበር፤ በአገሩ ግን ስሎቫኩ ጎረቤቱ ይህንኑ ኀዘን ያዝን ነበር። ሰው የራሱን ሕመም ፈጥኖ ያውቃል፤ በጎረቤቱ ላይ ያለውን ያንኑ ሕመም ግን ዘግይቶ ያያል። በአገር ቤት የተዘራ በደል እንዲህ ሆኖ በሩቅ አገር በቀለ።

በመጨረሻም ማጃሮቹ ተለይተው የራሳቸውን ቁምስና ለማቋቋም ቈረጡ። የፕሮቴስታንት እምነት ያላቸው ወገኖቻቸው በ1891 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ስለ ነበር፣ ይህ ምሳሌ ልባቸውን አበረታው።

፬. ስለ መጀመሪያው ቤት

በ1892 ዓ.ም. የክሊቭላንድ ጳጳስ አባ ኢግናጥዮስ ሆርስትማን፣ የማጃርን ቋንቋ የሚያውቅ ካህን ይላክልን ብለው ወደ ሀንጋሪ ጻፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አባ ካሮይ ቦም የሚባሉ ካህን ባሕር ተሻግረው መጡ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የሀንጋሪያውያን የሮማ ካቶሊክ ቁምስና በዚህ ዓይነት ተመሠረተ። ስሙንም ቅድስት ኤልሳቤጥ ዘሀንጋሪ አሉት።

ካህኑ በመጡ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ገንዘብም አልነበረም። የነበሩት ድኻ ሠራተኞች ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ልብ ውስጥ አንድ ጥያቄ ተነሣ። «እኔ ወደ አገሬ የምመለስ ሰው ነኝ። ይህን ገንዘብ ወደ ቤቴ ብልከው ለልጆቼ እህል፣ ለእኔም አንድ ጋሻ መሬት ይሆነኛል። በሰው አገር ለሚሠራ ሕንፃ ለምን እሰጣለሁ?»

ይህ ጥያቄ የስስት ጥያቄ አልነበረም። በአገር ያሉት ሚስትና ልጆች በእውነት ይራቡ ነበር። ደግሞም መንገደኛ ሰው በመንገድ ላይ ቤት አይሠራም። ነገር ግን ሠራተኞቹ ሌላም ነገር አዩ። በየዓመቱ አንዳንዶች ይመለሳሉ፤ አዲሶች ደግሞ ይመጣሉ። የሚመለሰው ሰው ቢሄድም የሚመጣው ሰው ቤት ያስፈልገዋል። በዚያች ከተማ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ፤ ለእነርሱ መንደራቸው ክሊቭላንድ ነበረች። ስለዚህ ለቤታቸው ከሚልኩት ላይ ጥቂት እየቀነሱ ሰጡ።

በ1893 ዓ.ም. በባክአይ መንገድ አጠገብ የመጀመሪያው የጡብ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ያ ዓመት በአሜሪካ ታላቅ የገንዘብ ችግር የሆነበት ዓመት ነው፤ ብዙ ባንኮች ወደቁ፤ ብዙ ፋብሪካዎችም ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ። ሰው የተረፈውን በሚሰጥበት ጊዜ መስጠት ቀላል ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ነገ ሥራ እንደሚኖራቸው ሳያውቁ ሰጡ።

ከቤተ ክርስቲያኑም ጋር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ልጆች በዚያ ሃይማኖትን፣ ንባብንና ቍጥርን ተማሩ፤ የወላጆቻቸውንም ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ጋር ተማሩ። ማንበብ የማይችል አባት ልጁ ከአገር የመጣውን ደብዳቤ ሲያነብለት በሰማ ጊዜ፣ የሰጠው ገንዘብ ወዴት እንደ ሄደ ያን ጊዜ አወቀ።

አባ ካሮይ ቦም በአንድ ስፍራ ተቀምጠው አልቀሩም። በአሜሪካ ከተሞች ተበትነው ወደሚኖሩ ማጃሮች በባቡር እየሄዱ ይናዝዟቸውና ያጽናኗቸው ነበር፤ ለተበተኑትም የሚነበብ ጋዜጣ አሳተሙ። እስከ 1907 ዓ.ም. ድረስ ቁምስናውን መሩ።

፭. ስለ ቅድስት ኤልሳቤጥ

የቁምስናው ስም ለምን በቅድስት ኤልሳቤጥ ተጠራ? ታሪክዋን ባጭሩ እናንብብ።

ኤልሳቤጥ የሀንጋሪ ንጉሥ የዳግማዊ እንድርያስ ልጅ ናት። በ1207 ዓ.ም. ተወለደች። ገና ሕፃን ሳለች፣ ወደ ፊት ሚስቱ ወደምትሆንለት ልዑል አገር፣ ወደ ቱሪንጊያ ተላከች፤ ይህም በጀርመን ያለ አገር ነው። ስለዚህ እርስዋም እንደ ስደተኞቹ በልጅነትዋ ከአገርዋ ወጥታ በማታውቀው ቋንቋ መካከል አደገች።

ካደገች በኋላ ለልዑሉ ለሉድቪግ ሚስት ሆነች። በ1226 ዓ.ም. ጽኑ ራብ በሆነ ጊዜ ባልዋ በሩቅ አገር ሳለ ጎተራውን ከፍታ ድኾችን መገበች። አማካሪዎችዋም ሀብቱን አባከነች ብለው ከሰሱአት፤ ባልዋ ግን ተመልሶ በመጣ ጊዜ ሥራዋን ወደደላት። በሚቀጥለው ዓመት ባልዋ ሞተ። እርስዋም ማርቡርግ በምትባል ከተማ ሆስፒታል አሠርታ፣ የንጉሥ ልጅ ስትሆን በገዛ እጅዋ የሕሙማንን ቍስል ታጥብ ነበር። በ1231 ዓ.ም. በ24 ዓመትዋ ሞተች፤ በ1235 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ ሰየመቻት።

ስለ እርስዋ የሚነገር አንድ አፈ ታሪክ አለ። አንድ ቀን በልብስዋ እጥፋት እንጀራ ሸሽጋ ለድኾች ስትወስድ፣ ምን እንደ ያዘች ጠየቅዋት፤ ልብስዋን በዘረጋች ጊዜ እንጀራው ጽጌረዳ አበባ ሆኖ ተገኘ ይባላል። ሥዕልዋ ጽጌረዳ ይዛ የሚሣለው ስለዚህ ነው።

የብረት ማቅለጫ ሠራተኞች የንጉሥ ልጅን ስም የመረጡት የከበሩ ለመምሰል አይደለም። ከአገር የወጣች፣ እንጀራን ያካፈለች ስለ ሆነች ነው።

፮. ስለ ድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን

ዓመታት አለፉ፤ ሕዝቡም እጅግ በዛ። በባክአይ መንገድ ሥጋ ሻጩም፣ ዳቦ ጋጋሪውም፣ ልብስ ሰፊውም በማጃር ቋንቋ የሚናገሩ ሆኑ። አንድ ሰው እንግሊዝኛ ሳያውቅ በዚያ ሰፈር ዕድሜውን ሊጨርስ ይችል ነበር። ሰዎቹም ከቡዳፔስት በቀር እንደ ክሊቭላንድ ብዙ ማጃር ያለባት ከተማ በዓለም የለችም እያሉ ይመኩ ነበር፤ ይህ ግን ከእውነቱ የተጋነነ ነው።

የጡቡ ቤተ ክርስቲያን ጠበባቸው። ስለዚህ በ1918 ዓ.ም. ታላቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ጀመሩ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ገና አልተፈጸመም ነበር። አሜሪካም በ1917 ዓ.ም. መጨረሻ ከአውስትሪያና ከሀንጋሪ መንግሥት ጋር ጦርነት ዐውጃ ነበር። ስለዚህ እነዚህ ሠራተኞች በሚኖሩበት አገርና በተወለዱበት አገር መካከል ተጨነቁ፤ በአንዱ ወገን ወንድም፣ በሌላው ወገን ልጅ ሊሰለፍ ይችል ነበርና።

ጦርነቱም አለቀ፤ በ1920 ዓ.ም. በትሪያኖን የተፈረመ ውል ከቀድሞው የሀንጋሪ መንግሥት ግዛት ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ለሌሎች መንግሥታት ሰጠ። ብዙ ስደተኞች የተወለዱበት መንደር በድንገት በሌላ መንግሥት ሥር ሆነ። «እመለሳለሁ» ይል የነበረው ሰው የሚመለስበት አገር ተለወጠበት። ከዚያም በ1924 ዓ.ም. አሜሪካ በየዓመቱ የሚገቡትን ስደተኞች ቍጥር በሕግ እጅግ አሳነሰች፤ ስለዚህ ሄዶ መመለስ እንደ ቀድሞው የሚቻል አልሆነም።

በዚህ ሁሉ መካከል ድንጋዩ በድንጋይ ላይ ይነባበር ነበር። በ1922 ዓ.ም. ሁለት ግንብ ያለው ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። ከሩቅ ሲታይ የንጉሥ ቤት ይመስላል፤ የሠሩት ግን በሰው ቤት በክፍያ ያድሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ለብዙ ዓመት «ነገ እንሄዳለን» ይሉ የነበሩት ሰዎች በዚህ ሥራ «በዚህ እንኖራለን» አሉ። በአፋቸው ሳይሆን በድንጋይ ተናገሩት።

፯. ስለሚመጣና ስለሚሄድ ትውልድ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሀንጋሪ ሌሎች ስደተኞች መጡ። እነዚህ ስለ መሬት ጥበት የመጡ አልነበሩም፤ ጦርነቱና ከእርሱ በኋላ የተነሣው የኮሙኒስት መንግሥት ያስወጣቸው ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የሀንጋሪ ሕዝብ በዚያ መንግሥት ላይ ተነሣ፤ የሶቪየት ታንኮችም በኖቬምበር 4 ቀን ቡዳፔስት ገብተው ሕዝቡን አሸነፉ። ወደ 200,000 የሚሆኑ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ሸሹ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ክሊቭላንድ ደረሱ። እዚያም ከ60 ዓመት በፊት ሠራተኞች ባቆሙት ቁምስና ቋንቋቸውን የሚሰማ ካህን አገኙ። «ለሚመጣው ሰው ቤት ያስፈልገዋል» ተብሎ የተሰጠው ገንዘብ ፍሬውን እንዲህ አፈራ።

የሀንጋሪ ካርዲናል ዮሴፍ ሚንድሴንቲ በኮሙኒስቱ መንግሥት በ1949 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደባቸው፣ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮም 15 ዓመት በቡዳፔስት በአሜሪካ ኤምባሲ ተጠግተው የኖሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ከወጡ በኋላ፣ በ1974 ዓ.ም.፣ ወደ ክሊቭላንድ መጥተው የተሰደዱትን ልጆቻቸውን ጐበኙ።

ነገር ግን በቁምስናው ውስጥ ሌላ ለውጥ ቀስ እያለ ይመጣ ነበር። በአሜሪካ የተወለዱት ልጆች በትምህርትና በሥራ ከፍ አሉ፤ እንግሊዝኛ ቋንቋቸው ሆነ። አባት በማጃር ይጠይቃል፤ ልጅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ የልጅ ልጅም ጥያቄውን አያስተውለውም። ከ1960 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ቤተ ሰቦች ከባክአይ ሰፈር ወጥተው ወደ ከተማዋ ዳር ሄዱ። በተዋቸው ቤቶች ጥቁር አሜሪካውያን ገቡ፤ እነርሱም እንደ ቀድሞዎቹ ሥራና መልካም ኑሮ የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። የመንገዱ ሱቆች ስማቸው ተለወጠ። ሁለቱ ግንቦች ግን በስፍራቸው ቀሩ። በ1976 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ሕንፃውን ከታሪካዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ጻፈው።

፰. ስለ ተዘጋው በር

በክሊቭላንድ በምዕራብ በኩል የሚኖሩ ማጃሮችም ሌላ ቁምስና ነበራቸው። በ1904 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን በቅዱስ ኢምሬ ስም ይጠራ ነበር፤ ኢምሬ የመጀመሪያው የሀንጋሪ ንጉሥ የቅዱስ እስጢፋኖስ ልጅ ነው።

በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. የክሊቭላንድ ሀገረ ስብከት ብዙ ቁምስናዎችን ዘጋ ወይም ከሌሎች ጋር አጣመረ። ምእመናን ወደ ከተማዋ ዳር ስለ ሄዱ፣ ካህናትም ስላነሱ፣ ገንዘብም ስለ ጐደለ ነው ተባለ። በ2010 ዓ.ም. የቅዱስ ኢምሬም በር ተዘጋ።

ምእመናኑ አለቀሱ፤ ነገር ግን በሩን አልሰበሩም፤ ስድብም መሣሪያ አላደረጉም። የቤተ ክርስቲያን ሕግ የተበደለ ሰው ወደ ሮም አቤት እንዲል ይፈቅዳልና አቤቱታቸውን ጽፈው ላኩ፤ ታግሠውም ጠበቁ። በ2012 ዓ.ም. ከሮም መልስ መጣ፤ መዝጊያው በሥርዓቱ አልተፈጸመም ተብሎ ተፈረደላቸው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የቅዱስ ኢምሬ በር ከሌሎች ቁምስናዎች ጋር ተከፈተ።

በዚያ ቀን ደስ ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ በቁምስናው ውስጥ የተጠመቁ፣ አባቶቻቸውንም ከዚያ የቀበሩ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ገንዘብ ሰጡ፤ እነዚህ ደግሞ ትዕግሥትንና ጊዜን ሰጡ። አባት የሠራውን ቤት ልጅ ዝም ብሎ አይወርሰውም፤ በራሱ ድካም ደግሞ ይገዛዋል።

፱. ከዚህ ታሪክ የምንማረው

ልጆች ሆይ፤ ይህ ታሪክ ሦስት ነገር ያስተምረናል።

መጀመሪያ፣ ጥቂት ገንዘብ የሚናቅ አይደለም። የባክአይ መንገድ ግንቦች ከአንድ ባለጠጋ ሣጥን አልወጡም፤ ከብዙ ድኾች ኪስ ወጡ እንጂ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ የራስህን ቋንቋ ስትወድ የጎረቤትህንም አክብር። ማጃሩና ስሎቫኩ በአንድ ቤት ለመጸለይ ያልቻሉት እግዚአብሔር ቋንቋቸውን ስለማይሰማ አልነበረም፤ እርስ በርሳቸው ስላልተሰሙ ነበር። ቋንቋህ ሲናቅ የሚሰማህን ኀዘን ባስታወስህ ጊዜ የሌላውን ቋንቋ አትንቅም።

ሦስተኛ፣ ባለህበት ስፍራ መልካም ሥራ ሥራ። «እኔ ከዚህ እሄዳለሁ፤ ይህ ስፍራ የእኔ አይደለም» የሚል ሰው ዛፍ አይተክልም፤ ጕድጓድም አይቈፍርም። ነገር ግን እርሱ ራሱ ሌላ ሰው በተከለው ዛፍ ጥላ ተቀምጦአል፤ ሌላ ሰው ከቈፈረው ጕድጓድም ጠጥቶአል። እነዚያ ሠራተኞች ስማቸውን ለማያውቁት ሰው ቤት ሠሩ፤ ከ60 ዓመት በኋላ ያ ሰው በደጁ ቆሞ ተገኘ።

ዛሬ በምትማርበት ትምህርት ቤት የተቀመጥህበትን ወንበር ሌላ ልጅ ነገ ይቀመጥበታል። ወንበሩን በምን ዓይነት ትተህለት ትሄዳለህ?

ጥያቄዎች

፩. ሀንጋሪያውያን ከአገራቸው ስለ ምን ወጡ? በመጀመሪያስ ምን አሳብ ነበራቸው?

፪. ማጃሮችና ስሎቫኮች የተጣሉበት ምክንያት ምንድን ነው? የጠቡስ ሥር ከወዴት መጣ?

፫. በ1893 ዓ.ም. የተሰጠው ስጦታ የሚደነቀው ለምንድን ነው?

፬. ቅድስት ኤልሳቤጥ ከስደተኞቹ ጋር በምን ትመሳሰላለች?

፭. የቅዱስ ኢምሬ ምእመናን በሩ በተዘጋ ጊዜ ምን አደረጉ? ምንስ አላደረጉም?

፮. አንተ ለማታውቀው ሰው የሚጠቅም ምን ሥራ ልትሠራ ትችላለህ? በአምስት መስመር ጻፍ።